አልወጣም ያለ ሶፍትዌር

በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ያዙልን።

ማርክ ሩሲኖቪች የዊንዶውስን ውስጠ ምሥጢር ጠንቅቆ በማወቁ የታወቀ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ነው። በ2005 ራሳቸውን የሚደብቁ ፕሮግራሞችን የሚያጋልጥ መሣሪያ ሠርቶ ሲፈትሽ፣ በገዛ ኮምፒውተሩ ውስጥ እሱ የማያውቃቸው ፋይሎች ተሸሽገው አገኘ። ፋይሎቹ በዊንዶውስ መስኮት አይታዩም። በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያሳየው ታስክ ማናጀርም የሉም። ዱካቸውን ተከትሎ ሲሄድ መነሻቸው በገንዘቡ የገዛው የሙዚቃ ሲዲ ሆኖ ተገኘ። ቫን ዛንት የተባሉ ወንድማማቾች አልበም ነው፤ አሳታሚው ሶኒ ቢኤምጂ። ሲዲውን በኮምፒውተር ለማዳመጥ የግድ መጫን የነበረበት ማጫወቻ፣ ሙዚቃው እንደልብ እንዳይቀዳ የሚከለክል ኤክስሲፒ የሚባል ሶፍትዌር ይዞ ይገባ ነበር። የሠራው ፈርስት ፎር ኢንተርኔት የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው።

ሩሲኖቪች ሊያስወጣው ፈለገ። ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ለማራገፊያ ባዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። «እስማማለሁ» ብሎ ባለፈው ውል ላይም ስለ ማስወገድ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በእጁ ሲሰርዘው ደግሞ የሲዲ ድራይቩ ከኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ሶፍትዌሩ በዊንዶውስና በድራይቩ መካከል ተሰክቶ ስለነበር ሲነቀል ድራይቩን ይዞት ሄደ። ሩሲኖቪች ሙያው ነውና አስተካከለው። ዘፈን ለመስማት ብቻ ሲዲ የገዛ ተማሪ ቢሆን ግን ምን ይውጠው ነበር?

ኦክቶበር 31 ቀን ያገኘውን ሁሉ ጽፎ ለአደባባይ አበቃ። ቁጣው ቀላል አልነበረም። ኤክስሲፒ ስሙ በአንድ የተወሰነ ምልክት የሚጀምረውን ፋይል ሁሉ የሚደብቅ በመሆኑ፣ የቫይረስ ጸሐፊዎች ለፋይሎቻቸው ያንኑ ምልክት እየሰጡ በሶኒ መጋረጃ ስር መሸሸግ ጀመሩ። ኩባንያው በበኩሉ ማስወገጃ አለኝ አለ። ማስወገጃውን የፈለገ ደንበኛ ግን ቅጽ መሙላት፣ የኢሜይል መልስ መጠበቅ፣ ከዚያም በተላከለት አድራሻ መግባት ነበረበት። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ፌልተንና ተማሪው አሌክስ ሃልደርማን ይህንን ማስወገጃ ሲመረምሩ ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ሆኖ አገኙት። ማስወገጃው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ክፍት በር ትቶ ይሄድ ነበር፤ በዚያ በር ማንኛውም ድረ ገጽ የፈለገውን ፕሮግራም በሰውየው ኮምፒውተር ላይ ማውረድና ማስኬድ ይችላል። ሶኒ ቢኤምጂ ኤክስሲፒ የተጫነባቸውን 52 አልበሞች ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው። በ2007 መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት ደግሞ ሶፍትዌሩን ለማስወገድ ሲሞክሩ ኮምፒውተራቸው ለተበላሸባቸው ሰዎች እስከ 150 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ታሪኩ መቅደሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተር የገዛ ሰው በውስጡ የገባውን ሁሉ የማስወጣት መብት አለው፤ ይህ ዲስኩር የሚሟገተው ለዚህ መብት ነው። መብቱ ግን በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ባለቤቱ ፕሮግራሙ ለምን እንቢ እንዳለው ማወቅ ይኖርበታል።

አንድ ፕሮግራም ሲጫን አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ዋና ዋና ፋይሎቹ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው ፎልደር ይገባሉ፤ የተጠቃሚው ምርጫና ማስታወሻ በሌላ የተደበቀ ፎልደር ይቀመጣል፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚጋራቸው ክፍሎች ወደ ሲስተሙ ይሄዳሉ፤ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ትልቅ መዝገብ ውስጥም በርካታ መስመሮች ይጻፋሉ። አንዳንዱ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሣ ሰርቪስ ይተክላል፤ ሌላው በየሰዓቱ የሚቀሰቀስ ቀጠሮ ያስይዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን የማራገፊያው አሠራር ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የምናውቀው የፕሮግራሞች ዝርዝር ከሬጅስትሪ የሚነበብ የስም ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ስም ስር የፕሮግራሙ ሠሪ የጻፈው አንድ ትእዛዝ አለ። ተጠቃሚው «አንኢንስታል» የሚለውን ሲጫን ዊንዶውስ ያንን ትእዛዝ ይጠራል፤ የማስወጣቱን ሥራ የሚሠራው ሊወጣ የተፈረደበት ፕሮግራም ራሱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪው ግድየለሽ ከሆነ ማራገፊያው ግማሽ ሥራ ሠርቶ ያቆማል። ሠሪው ተንኮለኛ ከሆነም ማራገፊያው ያታልላል። የማራገፊያው ፋይል ከተበላሸ ደግሞ ስሙ በዝርዝሩ ላይ እያለ ፕሮግራሙ አይነቃነቅም።

ይህ የመጨረሻው እንቢታ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ምንጩም የተጠቃሚው እጅ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ከኦፊስ 2000 ጋር ዊንዶውስ ኢንስቶለር የተባለውን አገልግሎት ሲያስተዋውቅ፣ የሚጫነው ፕሮግራም ጥቅል ቅጂ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ በተደበቀ ቦታ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ለማራገፍም ለመጠገንም የሚያስፈልገው ይህ ቅጂ ነው። የሲ ድራይቭ ሲሞላ ሰው ቦታ ፍለጋ ይገባል፣ ብዙ ጊጋባይት የያዘውን ይህን ፎልደር ያገኛል፣ ጠርጎ ያጠፋዋል። የዚያን ዕለት ምንም አይሆንም። ከወራት በኋላ ፕሮግራሙን ለማውጣት ወይም ለማደስ ሲሞከር ግን ኮምፒውተሩ የሌለ ፋይል አምጡ እያለ ይቆማል። መፍትሔው የዚያኑ ፕሮግራም፣ የዚያኑ ዕትም መጫኛ ፈልጎ በላዩ ላይ እንደገና መጫን፣ ከዚያ በወጉ ማራገፍ ነው። ያልቻለ ሰው ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠውን የመጫንና የማራገፍ ችግር መፍቻ መሣሪያ ይጠቀም።

የሂሳብ ባለሙያዎች የሚያውቁት ሌላ ምሳሌ አለ። ፒችትሪ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ያገለገለ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። ፒችትሪ ብቻውን አይገባም፤ መረጃውን የሚያስቀምጥለት ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም አብሮት ይጫናል። ፒችትሪ ሲራገፍ ፐርቫሲቭ ሊቀር ይችላል፤ አዲስ ዕትም ለመጫን ሲሞከር የቀድሞው ቅሪት እየተጋጨ መጫኑ መሐል ላይ ይቆማል። ሁለቱም በየስማቸው ከዝርዝሩ መውጣት አለባቸው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሣት አለበት፤ የቀሩት ፎልደሮችም መጽዳት አለባቸው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የድርጅቱ የሂሳብ መዝገብ ባክአፕ ተደርጎ ከኮምፒውተሩ ውጭ መቀመጡ ግዴታ ነው። ቅሪት ሊያጸዳ ገብቶ የድርጅቱን የዓመታት መዝገብ አብሮ የሰረዘ ሰው ምንም ያህል ቢጸጸት አይመልሰውም።

አሁን ደግሞ ሆን ተብሎ ወደሚደረገው እንቢታ እንለፍ። እዚህ ላይ በሶኒ ጉዳይ ያገኘነው ኤድዋርድ ፌልተን ቀደም ባለ ሌላ ክርክር ይመጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን በገበያ ጠቅላይነት ሲከስ ከክርክሩ ዐበይት ነጥቦች አንዱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር፤ የድረ ገጽ መክፈቻውን ከዊንዶውስ ማውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ማይክሮሶፍት አካልና ነፍስ ናቸው፣ ከተለያዩ ዊንዶውስ ይበላሻል ብሎ ተከራከረ። በ1997 ዲሴምበር ዳኛው ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በዊንዶውስ 95 ላይ ሲያስሞክሩ ከማራገፊያ ዝርዝሩ በ90 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተነሣ። በዊንዶውስ 98 ግን ኩባንያው የኤክስፕሎረርን ስም ከዝርዝሩ አስቀረው። ፌልተን ከረዳቶቹ ጋር ኤክስፕሎረርን ከተጠቃሚው ዐይን የሚያስወግድ ፕሮግራም ጻፈና ለፍርድ ቤቱ አሳየ። ማይክሮሶፍት የፌልተን ፕሮግራም ዊንዶውስን ያዳክማል የሚል ቪዲዮ አቀረበ። የመንግሥት ጠበቃ ዴቪድ ቦይስ ቪዲዮውን እያስቆመ ሲመረምር በመስኮቱ አናት ላይ ያለው ጽሑፍ ከሚተረከው ጋር እንደማይስማማ አጋለጠ። የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ ጂም ኦልቺንም በቪዲዮው ላይ ስሕተት መኖሩን ለማመን ተገደደ።

ጁን 28 ቀን 2001 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሰጠ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከማራገፊያ ዝርዝሩ ማስቀረት ውድድርን የሚገታ ሕገ ወጥ ተግባር ነው አለ። ይህ ውሳኔ ተገቢውን ያህል አይነሣም። አንዲት የማራገፊያ መስመር መኖር ወይም አለመኖር የገበያና የነጻነት ጉዳይ መሆኑን ከፍ ያለ ፍርድ ቤት አውቆታልና። ያም ሆኖ ማይክሮሶፍት ከመንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት በ2002 የመጣው ለውጥ የኤክስፕሎረርን መግቢያ የሚደብቅ እንጂ ፋይሎቹን የሚያወጣ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ በ2024 ማርች በትላልቆቹ ኩባንያዎች ላይ ተፈጻሚ ሲሆን፣ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ያሉ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የኤክስፕሎረርን ቦታ የወሰደውን ኤጅ የተባለ የድረ ገጽ መክፈቻ ማራገፍ ተፈቀደላቸው። ሕጉ በማይደርስበት አገር ያለው ተጠቃሚ ያው አንድ ዓይነት ዊንዶውስ ገዝቶ ይህ ፈቃድ የለውም። ፍትሐዊ አይደለም።

እንቢታ ሁሉ ክፋት ነው ማለት ግን አይቻልም። አንቲቫይረስ በቀላሉ የሚወጣ ቢሆን መጀመሪያ የሚያስወጣው ቫይረሱ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ፕሮግራሞች ራሳቸውን ይከላከላሉ፤ ፋይላቸውን ሊሰርዝ፣ ሰርቪሳቸውን ሊያቆም የሚሞክረውን ይመልሳሉ። ኖርተን፣ ማካፊ፣ ካስፐርስኪ፣ አቫስትና ኢሴት ለዚሁ ሲሉ የየራሳቸውን ማስወገጃ መሣሪያ በይፋ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። አልወጣም ላለ አንቲቫይረስ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ለሌላው ብዙ ጊዜ አይሠራም። በፍለጋ ውጤት አናት ላይ በማስታወቂያ መልክ ከሚመጣ «ማስወገጃ» ደግሞ መሸሽ ነው፤ በማስወገጃ ስም ሌላ ጣጣ የሚያስገቡ ሞልተዋል።

ከሁሉ የሚያስቆጣው ወጣሁ ብሎ የማይወጣው ነው። በ2019 ጁላይ ጆናታን ሊትሹህ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ በአፕል ማክ ኮምፒውተሮች ላይ የዙም ፕሮግራም ሲራገፍ ትንሽ ሰርቨር ከኋላው ትቶ እንደሚሄድ ይፋ አደረገ። ሰውየው ዙምን ካጠፋ በኋላ የስብሰባ ማስፈንጠሪያ ቢጫን፣ የቀረችው ሰርቨር ሳትጠይቀው ዙምን መልሳ ትጭነዋለች። ሥሩ ያልተነቀለ ሰርዶ ማለት ይህ ነው። ዙም አሠራሩን ለመቀየር ቃል ገባ፤ አፕልም በራሱ ማሻሻያ ቅሪቱን ከደንበኞቹ ማክ ላይ አነሣው።

የኮምፒውተር አምራቹ ሌኖቮም በ2014 መጨረሻ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ሶፍትዌር ጭኖ ነበር። ሶፍትዌሩ የተመሠጠረውን የኢንተርኔት ግንኙነት መሐል ገብቶ ለማንበብ የራሱን የደኅንነት ሰርተፍኬት በዊንዶውስ ውስጥ ይተክላል። በ2015 ፌብሩዋሪ ጉዱ ሲወጣ ብዙዎች ፕሮግራሙን አራገፉ፤ ሰርተፍኬቱ ግን በቦታው ቀረ። ሮበርት ግራሃም የተባለ ባለሙያ የሰርተፍኬቱን ምሥጢራዊ ቁልፍ በሰዓታት ውስጥ ፈትቶ አወጣ። ቁልፉን የያዘ ሰው የሐሰት የባንክ ገጽ እንደ እውነተኛ አድርጎ ለተጠቃሚው ማሳየት ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ። አንዳንድ የሌኖቮ ኮምፒውተሮች ፎርማት ተደርገው፣ አዲስ ዊንዶውስ ከንጹሕ ዲስክ ተጭኖላቸውም የሌኖቮ ፕሮግራም ተመልሶ ይመጣል። ፕሮግራሙ የተቀመጠው በሐርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ በሚነሣው ባዮስ ውስጥ ነበር፤ ዊንዶውስ 8 ለኮምፒውተር ሠሪዎች የከፈተውን መንገድ ተጠቅሞ ነው። ኩባንያው በባዮስ ማሻሻያ አነሣው። «ፎርማት ይደረግና ይገላገሉ» ለሚለው የጥገና ቤት ምክር ይህ ታሪክ በቂ መልስ ነው።

የቅሪት ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ አንድ ታሪክም አለው። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖርና በፍርድ ቤት መዝገብ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በኢሜይል በደረሰው የተበከለ ሰነድ ምክንያት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ እንደገባበት በክሱ ገለጸ። ፊንስፓይ ለመንግሥታት ብቻ የሚሸጥ ነበር። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2013 ስለ ፊንስፓይ የምርመራ ውጤቱን አውጥቶ ነበር፤ የኪዳኔ ኮምፒውተር ሲመረመርም የስለላው ርዝራዥ ተገኘ። ኪዳኔም በ2014 ሰልሎኛል ሲል በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ማርች የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብትን ጠቅሶ የክሱን መዘጋት አጸና። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ለባለጉዳዮች ይጠቅማል፦ የሚሰልል ፕሮግራም ገብቶብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ቶሎ ብሎ አያጽዳ። ማስረጃው በዚያ ርዝራዥ ውስጥ ነውና አስቀድሞ ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳይ።

ተራ ለሆነው እንቢተኛ ፕሮግራም ግን ቤት ውስጥ ብዙ መሥራት ይቻላል። በመጀመሪያ ጠቃሚ ፋይሎች ይገልበጡ፤ የሲስተሙ የመመለሻ ነጥብም ይፈጠር። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ይነሣ፤ ያልተጠናቀቀ ማሻሻያ ብቻውን ማራገፍን ሊያግድ ይችላል። ሥራ ላይ ያለ ፋይል ዊንዶውስ አያስሰርዝምና ፕሮግራሙ በታስክ ማናጀር ይቁም። ሲቆም ወዲያው ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ሁለት ሂደቶች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሩሲኖቪች የሚመክረው ብልሃት ግሩም ነው። አንዱን ቢገድሉት ሌላው ያስነሣዋል፤ ስለዚህ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር በተባለው ነጻ መሣሪያ ሁለቱንም ሳይገድሉ ባሉበት ማገድ፣ ከዚያ አከታትሎ ማጥፋት። አውቶራንስ የተባለው ወንድሙ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ሁሉ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ የእንቢተኛውን ፕሮግራም ምልክት አንሥቶ ኮምፒውተሩን መልሶ መክፈት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሴፍ ሞድ ሌላው በር ነው፤ በዚያ ሁኔታ ከዊንዶውስ አስፈላጊ ክፍሎች በቀር ሌላው ስለማይነሣ እንቢተኛው ተኝቶ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ በዊንዶውስ ኢንስቶለር የተጫኑ ፕሮግራሞች በሴፍ ሞድ በተለመደው መንገድ አይራገፉም፤ አገልግሎቱ ራሱ በዚያ አይሠራምና። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ ሰዓታት ያባክናል። ሬቮ አንኢንስቶለርን የመሰሉ መሣሪያዎች መጀመሪያ የፕሮግራሙን ማራገፊያ ይጠሩና ቀጥሎ ቅሪቱን ይፈልጋሉ። የሚያቀርቡትን የቅሪት ዝርዝር ግን ሳያነቡ «ሁሉንም ሰርዝ» ማለት አደገኛ ነው። ሬጅስትሪን በጅምላ እናጸዳለን የሚሉትን ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም፤ ሬጅስትሪ ውስጥ በእጅ የሚገባ ሰውም የሚነካውን ክፍል አስቀድሞ ቅጂ ያውጣ። በድረ ገጽ መክፈቻው ላይ የተጣበቀ ማስታወቂያ አምጪ ሲሆን ደግሞ፣ የግል ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ ክሮም «በድርጅትዎ የሚተዳደር ነው» የሚል መልእክት ካሳየ ተንኮሉ እዚያ ነው። በሬጅስትሪ ውስጥ የተጻፈው የክሮም ደንብ ካልተነሣ የተጣበቀው ማስታወቂያ አምጪ አይለቅም።

ፎርማት ማድረግ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ቦታ አለው፤ ቫይረስ ሥር ከሰደደ ያለምንም ማመንታት እሱ ይመረጣል። በአገራችን ጥገና ቤቶች ግን የመጀመሪያ መልስ ሆኗል። በዚህም የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፒችትሪ መዝገብ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝና ፎንቶቹ አብረው ይሄዳሉ። በምትኩ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ነው፤ ሲጫን አንቲቫይረስ ይዘጋ ይባላል፣ ችግር ሲመጣ የሚጠየቅ አምራች የለውም። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት እንቢ ያለው ፕሮግራም ማን እንደሆነና ለምን እንቢ እንዳለ ለደንበኛው ንገሩት፤ የሚጠፋበትንም ዘርዝሩለት።

ሶፍትዌር የምትጽፉ ወጣቶች፣ ማራገፊያውን ከመጫኛው እኩል ፈትሹ። አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ጭናችሁ፣ አራግፋችሁ፣ የቀረውን ቆጥራችሁ እዩ። ለመሥሪያ ቤታችሁ የደመወዝ፣ የሂሳብ ወይም የሆስፒታል ሶፍትዌር የምትገዙ ኃላፊዎች ደግሞ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ አቅራቢው ውሉ ሲያበቃ ፕሮግራሙን ከነተከታዮቹ እንደሚያወጣና መረጃችሁን በሌላ ፕሮግራም በሚነበብ መልክ እንደሚያስረክብ። አቅራቢው በዚህ ካልተስማማ አትፈርሙ።